ሦስት ጭረት

ቤተ ሙከራው ውስጥ «ለስላሳ» ነው የሚሏት። ለጠባይዋ የወጣላት ስም እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷ የሰላ ነው፣ አንድ ቃል የወረወረባት ሰው ሁለት ሳይቀበል አይሄድም። ስሙ የመጣው ከሥራዋ ነው። የምትሠራው አልጋ ነው፤ ሰው የሚተኛበት ሳይሆን ሕዋስ የሚተኛበት፣ ከጥፍር የማይበልጥ፣ ውሃ የጠገበ ጄል። ከሰው አካል የተወሰዱ ሕዋሳት እዚያ ላይ ይዘራሉ፣ ይመገባሉ፣ ይባዛሉ፤ ጊዜያቸው ሲደርስ ከነአልጋቸው ተነሥተው የተጎዳው አካል ውስጥ ይሰፋሉ።

ጎብኚ በመጣ ቁጥር እሷ ናት የምታስረዳው። «ሕዋስ የተኛበትን የሚመስል ፍጡር ነው» ትላለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «አንድ ዓይነት ሕዋስ፣ አንድ ዓይነት ምግብ፣ አንድ ዓይነት ሙቀት። ለስለስ ያለ አልጋ ስጡት፣ ስብ ይሆናል። ጠንከር አድርጉለት፣ ጡንቻ ይሆናል። አሁንም ጨምሩበት፣ አጥንት ካልሆንኩ ብሎ ድርቅ ይላል። ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ በእግሩ ነው የሚያውቀው። የቆመበትን ይስበዋል። እሺ ብሎ ከተሳበለት እሱም ይለሰልሳል፤ አልሳብ ካለው ጠንካራ አገር ነው የመጣሁት ብሎ እሱም ይጠነክራል።» ጎብኚዎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ እሷም ደስ ይላታል። አልጋው ሁሉን ያስተካክላል ብላ ከልቧ ታምን ነበር፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚህ እምነቷ ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዱቄት ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጣል፣ ይጣራል፣ ማጠንከሪያ ይንጠባጠብበታል፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈሳል። ነገሩ ያለው ጠብታው ላይ ነው፤ አንዲት ጠብታ ከበዛች የአልጋው ጠባይ ይለወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ አልጋ በመጫኛው መርፌ ሥር ያልፋል፣ መርፌው ጫን ብሎት ምን ያህል እንደገፋው በቁጥር ይጽፋል። ለድምፅ አውታር የሚሆነው አልጋ ቁጥሩ ሁለት ነው፤ ከዓይን ቆብ ይለሰልሳል። ለስላሳ ሁለትን በእጇ ታውቀዋለች። በጓንቷ ነካ ታደርገውና «ሁለት» ትላለች፤ መርፌውም ሁለት ይላል። እጇ ወርቅ ነው፣ ይህን የሚጠሏትም አይክዱም።

ታናሽ ወንድሟ በሬዲዮ መጽሐፍ የሚተርክ ሰው ነው። ሠፈሩም ዘመዱም «ተራኪው» ይለዋል። ከቀትር በኋላ ድምፁ ሲመጣ የሠፈሩ ልብስ ሰፊ መኪናውን ያቆማል፣ እናታቸውም የሚያጥፉትን ልብስ ጭናቸው ላይ ጥለው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ባለፈው ዓመት ከሁለቱ የድምፅ አውታሮቹ አንዱ ላይ እባጭ ወጣና ተቆረጠለት። እባጩ ሄደ፣ ጠባሳው ቀረ። ጠባሳ ደግሞ አይርገበገብም። ድምፁ ሻከረ፣ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ይቆረጥበት ጀመር። ጣቢያው የያዘውን መጽሐፍ ይጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንጃ ብሎታል።

«ድምፄ ከሄደ እኔ ምንድን ነኝ፣ እትዬ?» አላት አንድ ቀን እናታቸው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጠው። የጠየቃት ቀልድ አስመስሎ ነው። አንጀቷን በላው። ሕፃን ሆኖ አዝላው ያሳደገችው ልጅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት እንኳ ያስቆጠረችው እሷ ናት።

«እኔ እሠራልሃለሁ» አለችው።

ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ አልተስማማም። «ወንድምሽ ነው። ይህን አንዱን ሌላ ሰው ቢሠራው ይሻላል» አላት።

«ከእኔ የተሻለ እጅ ካለ ይምጣና ይሥራው፣ ዶክተር። ደስ ይለኛል።»

የተሻለ እጅ እንደሌለ ያውቃል። ግን አንድ ነገር ሳይነግራት አላለፈም። «አልጋው እንደለሰለሰ ከቆየ ድምፁ ይመለሳል። ከጠነከረ ግን የሚሄደው ድምፅ ብቻ አይደለም። አየር የሚያልፈው በዚያው ነው። ከጠበበ አንገቱን በስተን መተንፈሻ ማበጀታችን ነው። ቶሎ ከታወቀና ቶሎ ከወጣ ከድምፁም የተወሰነ ይተርፋል፤ ከዘገየ የለም። ገባሽ?»

«የገባኝማ ለእናንተም ሳይገባችሁ በፊት ነው» አለች።

ሕዋሱ የተወሰደው ከተራኪው ጉንጭ ከውስጥ በኩል ነው፤ ምስር የምታክል ቁራጭ። ትንሽ ነገር ናት ተብሎ ነበር፣ ደሙ ግን አልቆም ብሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጨርቅ ነክሶ ተቀመጠ። ከልጅነቱ ጀምሮ ደም ሲያይ ዓለም የሚዞርበት ሰው ነው። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እጅጌዋን ይዞ፣ «ሁለተኛ አፌን አታስነኪኝ፣ እትዬ» አላት። «አላስነካህም» አለችው። ለሱ የገባችውን ቃል አጥፊ ብትባል ራሷን ማጥፋት የሚቀላት ዓይነት ሴት ናት።

ሕዋሳቱን የሚያሳድጉት «ሞግዚቱ» የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ጠዋት ሲገቡ ለሰው ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ማሞቂያ ሳጥኑን ከፍተው «ልጆቹ እንዴት አደሩ?» ይላሉ። ሕዋሳቱ ለስላሳ የምትሠራው አልጋ ላይ ከመውጣታቸው በፊት በቂ እንዲሆኑ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይባዛሉ። ወለሉን ሲሞሉት ተነቅለው፣ ተካፍለው፣ ወደ አዲስ ጠርሙስ ይዛወራሉ። በተዛወሩ ቁጥር ሞግዚቱ ክዳኑ ላይ በጥቁር ማርከር አንድ ጭረት ይጭራሉ፤ አዲሱ ክዳን የድሮውን ጭረት ሁሉ ይወርስና አንድ ይጨምራል። አምስት ጭረት የሞላው ጠርሙስ ወይ ወደ አልጋ ይወጣል፣ ወይ ይጣላል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ የተጻፈበት ወረቀትም የለም። ያለው ጭረቱ ብቻ ነው። ሁሉም ክዳኑን አይቶ ያምናል፤ ከክዳኑ ሌላ የሚጠይቅ የለም።

የተራኪው ሕዋሳት ሦስት ጭረት ላይ ሲደርሱ ሞግዚቱ ጉልበታቸውን ለመታከም ረዘም ያለ ዕረፍት ወጡ። የሳጥኑን ቁልፍ ለለስላሳ ሰጧት።

«ሁለት ይቀራቸዋል። አምስት ሲሞላ ወደ አልጋሽ አውጫቸው። ፕላስቲክ ላይ አታክርሚያቸው ልጄ፣ ይበላሻሉ።»

«ልጅ ድሎት ሲበዛበት ነው የሚበላሸው እንጂ፣ ጋሼ።»

«እነዚህ የሚበላሹት መሬቱ ሲደርቅባቸው ነው» አሉና እያነከሱ ወጡ።

አምስተኛው ጭረት ረቡዕ ቀን ተጫረ። ለስላሳ አልጋውን ሠርታ፣ ለክታ፣ ሁሉን አሰናድታ ነበር። አልጋ ላይ የወጡ ሕዋሳት በአሥር ቀን ውስጥ ካልተሰፉ ስለማይሆኑ የቀዶ ሕክምናው ቀን ተቆርጦ ነው የሚወጡት። በዚያው ቀን ተራኪው መጣ። «እትዬ፣ የመጽሐፉን የመጀመሪያ አጋማሽ ልጨርስና ልግባ። መሐል ላይ ብተወው ሰው ይረሳኛል። አሥር ቀን ብቻ» አላት። እምቢ ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ሕዋስ አይጠብቅም፤ ወለሉን ሞልቶ ከተዉት እርስ በርሱ ይጨናነቅና ይሞታል። አቀዝቅዞ የሚያቆየው ጋን ደግሞ ከተበላሸ ወር አልፎት ጠጋኝ እየተጠበቀ ነበር። ስለዚህ አዛወረቻቸው፣ ስድስተኛ። ማርከሩን አነሣች። ስድስተኛውን ጭረት ከጫረችው ጠርሙሱ ይጣላል፤ ጠርሙሱ ከተጣለ ተራኪው እንደገና አፉን ከፍቶ ጨርቅ ሊነክስ ነው። ማርከሩን ከደነችው። አዲሱ ክዳን ላይ አምስት ጭረት ብቻ ተጭሮ ቀረ።

ተራኪው አሥር ቀኑን ሲጨርስ ደግሞ የቀዶ ሐኪሙ አባት ታመሙና ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ሰባተኛ። ስምንተኛ። ክዳኑ አሁንም አምስት ይላል። ሐሰት መናገር የጀመረች አልመሰላትም፤ ምክንያቷ በእጇ ነበር። ሕዋስ የተኛበትን ይመስላል ስትል ስንት ዓመት አልፏታል? ፕላስቲክ ላይ ትንሽ ቢጠነክሩም የእሷ አልጋ ላይ ሲተኙ ይለሰልሳሉ፤ የቀድሞውን ይረሱታል። አልጋዋን ታውቀዋለች። አንድ ነገር ብቻ ልብ አላለችም፤ ፕላስቲኩም አልጋ ነው፣ ከሷ አልጋ በፊት ወር ሙሉ የተኙበት አልጋ።

ቀኑ ሲቆረጥ እንደ ወጉ ሁለት አልጋ ላይ ዘራቻቸው። ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚሠራው። አንዱ ለሰውየው ይሄዳል፣ አንዱ «መንትያው» ይባልና ሳጥኑ ውስጥ አርባ ቀን ይቀመጣል። ሰውነት ውስጥ የገባው ምን ላይ እንደደረሰ ጉሮሮ እየከፈቱ ማየት አይቻልም፤ መንትያውን ማየት ይቻላል። መንትያው ላይ የታየ፣ ሰውየውም ላይ አለ።

በሦስተኛው ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። ቀጠን፣ ረዘም ብለው ዝም ያሉ ሕዋሳት ነበር የጠበቀችው። ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ጥጉ ላይ ግን ጠፍጣፋ ሆነው የተዘረጉ፣ በየአቅጣጫው እጃቸውን ሰድደው አልጋውን የሚጎትቱ ነበሩ። ፕላስቲክ ላይ ያለ ሕዋስ ነው እንዲህ የሚሆነው። አልጋውን መርፌው ሥር አስገባችው፤ ሁለት። ደገመችው፤ ሁለት። «አልጋው ደህና ነው» አለች ማንም ሳይጠይቃት።

ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሙ መጣ። የአልጋውን ቁጥር አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወረቀቱ ላይ ከመፈረሙ በፊት እንደ ልማዱ ጠየቃት። «ጭረቱስ?»

ክዳኑን ልታሳየው ትችል ነበር፤ ያኔ የዋሸው ክዳኑ ነው ማለት ይቻላት ነበር። እሷ ግን በአፏ፣ ዓይኗን ሳታርቅ፣ «አምስት» አለች። ፈረመ።

ቀዶው አማረ። ተራኪው ሁለት ሳምንት አንድ ቃል እንዳይናገር ታዘዘና በወረቀት ይጻጻፍ ጀመር። «ሰላም ነው?» ብላ ጽፋ ስትሰጠው «አንቺ እኮ መናገር ትችያለሽ፣ እትዬ» ብሎ ጽፎ መለሰላትና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ፤ እሱ ያለ ድምፅ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሐኪሙ ፈቀደለት። አፉን ከፍቶ መጀመሪያ ያላት «እትዬ» ነው። ያ የድሮው ድምፅ፣ ሙሉው፣ ሙቀቱ ሳይጎድል። እናታቸው አለቀሱ። ለስላሳም አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ግን ለደስታ ብቻ አልነበረም። ተርፌያለሁ ብላ ነው ያለቀሰችው።

በማግስቱ ሞግዚቱ ከነምርኩዛቸው ወደ ሥራ ተመለሱ። የሥራ ካፖርታቸውን ሳይለብሱ ሳጥኑን ከፈቱ፣ መንትያውን አወጡ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረጉት። ብዙ ቆዩ።

«እነዚህን የት ነው ያየኋቸው?» አሉ በመጨረሻ። «ዱሮ፣ አንቺ ሳትመጪ፣ ለጥናት ብለን አሥር ጭረት ድረስ ያቆየናቸው ነበሩ። ከዚያ ለስላሳ አልጋ ላይ አወጣናቸው። ይረሳሉ ብለን ነበር።»

«ረሱ?»

«አልረሱም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ዝም አሉ። ከዚያ ለስላሳውን አልጋ ራሱን ማድረቅ ጀመሩ። ከውስጥ የለመዱትን መሬት ሠሩ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ስንት ጭረት ነው ያወጣሻቸው፣ ልጄ?»

«አምስት። ክዳኑ እዚያው አለ፣ ይዩት።»

ክዳኑን አላዩትም። እሷን ነው ያዩት። «እንግዲህ እኔ አላውቅም» አሉና ካፖርታቸውን ሊያመጡ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መንትያው ያለበትን መደርደሪያ አያዩም ነበር፤ የቀሩትን ልጆች አይተው በሩን ይዘጋሉ።

ለስላሳ ግን በየቀኑ ታየዋለች። ሰው ምሳ ሲወጣ እሷ መንትያውን አውጥታ መርፌው ሥር ታስገባለች። ሁለት ነበር። አራት ሆነ። ቀዶው በተደረገ በሃያኛው ቀን ዘጠኝ። መርፌው ተበላሽቷል ብላ በሌላ አልጋ ሞከረችው፤ መርፌው ደህና ነው። ምግቡን ቀየረች፣ የሚያለሰልስ ነገር ጨመረች፣ ሙቀቱን ነካካች። ጠብ ያለ ነገር የለም። ጄሉ መሐል ላይ ነጭ ነጥብ ወጣች፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ መቁጠር የማይቻል።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ሳህኑን ከሳጥኑ አውጥታ ወደ ጠረጴዛው ስትሄድ እጇ ትንሽ ዘንበል አለ። መንትያው ተንሸራተተና የሳህኑን ግድግዳ መታ። ቋ አለ።

ቀጥ ብላ ቆመች። ጄል ድምፅ የለውም። ሃያ ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን አልጋ ድምፅ ሲያሰማ አልሰማችም። ሳህኑን ቀስ ብላ ወደ ሌላው ጎን አዘነበለችው። ቋ። መርፌው ሥር ማስገባት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ሳህኑን ወደ ቦታው መለሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች።

ያን ቀን መናገር ነበረባት። ነገሩን የሚያውቅ ሁሉ የሚፈርድባት ስለ ሦስቱ ጭረቶች አይደለም፣ ስለዚያ ቀን ነው። ተራኪው ጉሮሮ ውስጥ ያለው ከመንትያው ጥቂት ቀን ወደኋላ ቢቀር ነው። ቶሎ ከወጣ ከድምፁ የተወሰነ ይተርፋል ብሏታል ሐኪሙ፤ ጆሮዋ ሰምቷል። እሷ ግን ፈራች። ሐኪሙን አይደለም፣ ከሥራ መባረሩንም አይደለም። የፈራችው ያን «እትዬ» የሚለውን አጠራር ነው፤ ካወቀ በኋላ እንዴት ብሎ ይጠራኛል ብላ። ሰውነት ሕያው ነው፣ ደም አለው፣ ምናልባት የሱ ላይለወጥ ይችላል አለች። ዛሬ ሳይሆን ነገ አለች። የሐኪሙ ቀጠሮ በአርባኛው ቀን ስለሆነ ያኔ ራሱ ያየዋል አለች።

ተራኪው በበኩሉ የመጽሐፉን ሁለተኛ አጋማሽ እየቀዳ ነበር። በየቀኑ ከቀትር በኋላ ለስላሳና እናቷ ያዳምጡታል።

በሃያ ስምንተኛው ቀን እናትየው አንድ ፎጣ አጥፈው ሌላውን እያነሡ፣ «ወንድምሽ ዛሬ ውሃ አልጠጣም እንዴ?» አሉ።

«ደክሞት ይሆናል፣ እማዬ።»

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ማጠፋቸውን አቆሙ። ሬዲዮውን ጠጋ ብለው አንገታቸውን አዘነበሉ። ንባቡ ሲፈጥን፣ ቃል ከቃል ሲገናኝ፣ ከድምፁ ሥር አንዲት ደረቅ ነገር አለች።

«ይሄ ሲያነብ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አሉ። «ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል እንዴ? ንገሪው፣ ለአድማጭ አይመችም።»

ለስላሳ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ነጋታውን ጠዋት፣ በሠላሳ አራተኛው ቀን፣ መንትያውን ከነሳህኑ በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደች።

የመቅጃው ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ የተለበጠ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መናገሪያ፣ ሁለት ወንበር። ተራኪው ብቻውን ነበር። ሲያያት ፈገግ ብሎ መቅጃውን አጠፋ።

«እትዬ፣ በሰዓቱ ነው የመጣሽው። አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀረኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰሞኑን እዚህ ጋ አሸዋ ያለ ይመስለኛል። ደረጃ ስወጣም ትንፋሽ ያጥረኛል። አንቺ የሠራሽው ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን እፈራ ነበር።»

ተቀመጠች። ሳህኑን ከፎጣው ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና አዘነበለችው። ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ ቋ የምትለው ድምፅ ከቤተ ሙከራው ይልቅ ጎልታ ተሰማች። ከዚያ ነገረችው። ጉንጩን፣ ጨርቁን፣ የገባችለትን ቃል፣ አምስቱን ጭረት፣ ያልተጫሩትን ሦስቱን። ራሷን አልማረችም፣ አላለቀሰችምም፤ ሌላው ቢቀር ይህችን አላሳጣችውም። ተራኪው እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«መቼ አወቅሽ?» አላት።

«ይሄ ድምፅ ያሰማ ቀን።»

«መቼ ነው እሱ?»

«አሥራ አንድ ቀን ሆነው።»

«ያን ቀን ብትነግሪኝስ ኖሮ?»

«የተወሰነው ይተርፍ ነበር።»

«አሁንስ?»

ሳህኑን በፎጣው ሸፈነችው። እሱም አልደገመላትም። መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳበ፣ ገጹን ፈለገ፣ መቅጃውን ከፈተ። ልታስቆመው እጇን ብትዘረጋ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣላት። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበበው። አንዳንዴ ትንፋሽ ያጥረውና ይቆማል፣ ውሃ ይጎነጫል፣ ይቀጥላል። ድምፁ ሥር ያቺ ደረቅ ነገር ትንኳኳለች። እናታቸው ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እያሰበች ለስላሳ እንዳትነቃነቅ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ፈጀ። መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ ከሹክሹክታ አይሻልም ነበር።

መጽሐፉን ከደነ። መቅጃውን አጠፋ። የሆነ ነገር እንዲላት ጠበቀች፤ እርግማንም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን። አፉን አልከፈተም። የቀረችውን ድምፅ ለመጽሐፉ ሰጥቷል፤ ለሷ የሚሆን ይኑረው አይኑረው፣ ወይስ ኖሮት ከልክሏት እንደሆነ ማወቅ አልቻለችም። ዝም በል ተብሎ በነበረ ጊዜ ይጻጻፉበት የነበረውን ደብተር ከመሳቢያው አወጣና ጻፈ፣ ወደሷም ገፋው።

«ሐኪሙ ጋ ደውዪ። ስንት ጭረት እንደነበረ አንቺው በአፍሽ ንገሪው።»

«እትዬ» የሚለው ቃል ደብተሩ ላይ አልነበረም። ስልኳን አወጣች። ሁለት ጊዜ ከጠራ በኋላ ሐኪሙ አነሣ። ተራኪው መስኮት የሌለውን ግድግዳ እያየ ይተነፍሳል፤ አየሩ ሲገባ የሚያፏጭ ድምፅ አለው፣ እስከዚያ ሰዓት አላስተዋለችውም ነበር።

«ዶክተር» አለች። «የወንድሜ ሕዋሳት... አምስት አልነበሩም። ስምንት ነበሩ።»

«ማን ልበል? ድምፅሽ አይሰማኝም» አለ ሐኪሙ። «ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

ተራኪው ዞር ብሎ አያት። ለስላሳ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና ስምንት የሚለውን ቃል ደገመችው።